የደረጃው ፒያኖ

«ክቡራን ነዋሪዎች ሆይ! ከዛሬ ጀምሮ ደረጃችን በሙዚቃ የሚታጀብ መሆኑን በታላቅ ደስታ እናበስራለን!» ይላል ኮሚቴው ባለ ሁለት ማኅተም አድርጎ የሕንፃው በር ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ። ሙዚቃው ከጥበቃው ማጫወቻ የሚለቀቅ፣ ድሮ ድምፅ አልባ ፊልሞች ይታጀቡበት የነበረው ዓይነት ፒያኖ ነው።

በሦስተኛው ቀን ፒያኖው ወጪ ወራጁን እግር በእግር መከተል ጀመረ። ከወፍራሙ ሊቀመንበር ጋር ያለከልካል፣ ከልጆች ጋር ይዘላል። ግራ እግሯን የምትጎትተው ልብስ ሰፊ ስትወጣ ደግሞ አብሯት ያነክሳል፦ ረገጥ፣ ጎተት። ጎረቤት በሳቅ ሲፈርስ እሷ በንዴት ጨሰች።

«ደሞ የእኔን እግር ማጀብ አማረው!»

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋ ለያዘው ባሏ መድኃኒት ገዝታ ስትመለስ ደረጃው ባዶ ነበር። ፒያኖው ግን ከእነሱ ፎቅ እየወረደ ነው። ከባድ ነገር የተሸከሙ አራት ሰዎች ቀስ ብለው ሲረግጡ ይመስላል። ከኋላቸው ደግሞ አንድ ሰው ይከተላል፦ ረገጥ፣ ጎተት።

መድኃኒቱ ከእጇ ወደቀ። ዞራ በሩ ላይ በቆመው ሽማግሌ ጥበቃ ላይ ጮኸች።

«አንተ ሰውዬ! አጥፋልኝ ይሄን መዓት!»

«ምኑን ላጥፋው፣ እትዬ? ማጫወቻውን ነቅዬ ከጣልኩት ሦስት ቀኔ።»

«ምን ሰምተህ ነው የነቀልከው? ተናገር እንጂ፣ አፍህ ይዘጋና!»

ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ፤ ግድግዳውን ተደግፎም ለሚወርዱት መንገድ ለቀቀ።

«አልናገርም» አለ።