አንሺኝ

«አንሺኝ» አለ አባቷ። ግማሽ አፉ ቃሏን ሲገፋት ግማሹ ያንጠባጥባል።

ልጅቷ በብብቱ ሥር እጇን አስገብታ አነሣችው። ትራስ ደራርባ አስደገፈችው። ሽማግሌው ግን ደህናውን ዓይኑን በንዴት ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። «አን… ሺኝ!»

«ከዚህ በላይ እንዴት ላንሣህ አባባ? ተነሥተሃል እኮ!»

«እስቲ ዞር በይ» አለ ወንድሟ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከመንገድ እንደገባ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። አባቱን ጥቅልል አድርጎ ወደ ራስጌው ሳበው። አንሶላው ላይ የተጣበቀው የጀርባው ቁስል ተላቀቀ። ሽማግሌው አቃሰተ፤ እንባው በደህናው ጉንጩ ወረደ። ከዚያ ያችኑ ቃል፣ አሁንም ወደ ሴት ልጁ፦

«አንሺኝ።»

«ይኸውላችሁ!» አለ ወንድሟ እጁን አራግፎ። «ጉልበቱ እኔ ጋ፣ ጥሪው እሷ ጋ። ‹አንሣኝ› ቢለኝ ምን ነበረበት? ይቺን ክር የምታህል ልጅ ከሚለምን!»

ቀልድ አስመስሎ ነው የተናገረው። የሳቀለት ግን የለም፤ እሱም ራሱ አልሳቀም።

የአባታቸው ታናሽ እህት ከግርጌ ተቀምጣ የታማሚውን እግር ታሻለች። «ተዉት ልጆቼ፣ አታንገላቱት» አለች። «እጁን አታዩም? አንገቱ ሥር መቧጠጥ ጀምሯል። እናታችንም እንዲሁ ነበረች፤ ልብሷን ስትለቅም ስትለቅም ነው የሄደችው። ሐኪሙስ ‹ወደ ቤት ውሰዱት› ያለው ቤት ናፍቆት ነው?»

እውነትም ደህናው እጁ የፒጃማውን አንገት ይቧጥጣል። ይይዛል፣ ይስታል፣ ደግሞ ይይዛል።

ልጅቷ ማየት አቃታትና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ካሜራው እዚያ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሳምንቱን ሙሉ ላውንደሪ ቤት የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትከርምና፣ እሑድ ሲሆን ያንን አሮጌ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትወጣ ነበር። የምታነሣውም የተላጠ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ላይ የተኛች ድመት፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎችን እጅ ነው። አይሸጥ፣ አይበላ። ደስታዋ ግን እዚያ ነበረች፤ ሌላ ቦታ ፈልጋ አጥታታለች። ወንድሟ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ማለት ይቺ ናት» ይላታል። አባቷ ደግሞ «ግድግዳ ለቃሚ» ብሎ ስም አውጥቶላት፣ ካሜራውን ባዞረችበት ቁጥር ፊቱን በጋዜጣ ይከልል ነበር። «ምን በድዬሽ ነው? ልትከሺኝ ነው?»

የአባቷ ግማሽ ጎን ከከዳው ወዲህ ካሜራውን አልነካችውም። አባት አልጋ ላይ ወድቆ ደስታን አንገት ላይ አንጠልጥሎ መውጣት ነውር መሰላት።

«አንሺኝ…» ድምፁ አልቋል። ጣቶቹ ግን አሁንም አንገቱ ሥር ናቸው።

ያኔ አየች። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ስትተኩስ ለምትውል ሴት የኮሌታ ነገር አይሰወርም። መቧጠጥ አልነበረም። ሽማግሌው የሚታገለው የላይኛዋን ቁልፍ ሊቆልፍ ነው።

«ፎቶ ነው እንዴ?» አለች። «አባባ፣ ፎቶ ላንሣህ?»

ዓይኑን ከደነ፤ ቀስ ብሎ፣ ልፋቱ ያበቃለት ሰው እንደሚከድነው።

«አበደች!» አለ ወንድሟ። «ሰውዬው እየ…» የቀረውን ዋጠው።

«ቁልፏን ቆልፍለት» አለችው። «ከዚያ ከኋላው ሆነህ ደግፈው። እጅህ እንዳይታይ።»

እንደታዘዘው አደረገ። አክስትየው ለሃጩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ መዳፏን እንትፍ ብላ ፀጉሩን ዳመጠችው። «ወይ ወንድሜ፣ ለሠርግህም እንዲህ አልተጨነቅክም!» አለችና አፏን ያዘች።

ልጅቷ ካሜራውን ከመስኮቱ አንሥታ መጋረጃውን ገለጠች። ሽማግሌው ፊቱን በራሱ ጊዜ አዞረ፤ የወደቀውን ጎን ለግድግዳው፣ ደህናውን ለእሷ። እስትንፋሱን ያዘ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ትንሽ ወደ ግራ፤ ጎንበስ። ብርሃኑ የጉንጩ አጥንት ላይ ቁጭ ሲል፣ ደስ አላት። የእሑዱ ደስታ ሳይጠራ መጣ፤ እዚህ፣ የመድኃኒትና የሽንት ሽታ በታፈነበት ክፍል፣ አባቷ ሊለያት በተሰናዳበት ሰዓት። አፈረችበት። ግን ደግሞ አላባረረችውም። የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች።

«አበቃ አባባ። ተንፍስ።»

ተነፈሰ። ከትንፋሹ ጋር ደግፎ የያዘው ነገር ሁሉ አብሮ የወጣ ይመስል ሰውነቱ ረገበ። ወንድሟ እንዳይወድቅበት በአንድ እጁ ይዞት ወደ ፊቱ ዞረ። የሽማግሌው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ለእሷ መስሏት ካሜራውን ዳግመኛ ከፍ አደረገች፤ ዓይኑ ግን አልፏት ወንድሟ ላይ አረፈ።

«አንሣኝ» አለው።

ወንድሟ አንድ ክንዱን ከጀርባው፣ አንዱን ከጉልበቱ ሥር አሳልፎ አባቱን ከነብርድ ልብሱ አነሣው። ኩንታል የለመደ ትከሻ ክብደት ጠብቆ ኖሮ፣ ከሚገባው በላይ ከፍ አደረገው። ከዚያ የሚወስደው ቦታ ያለ ይመስል ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደና፣ አባቱን ደረቱ ላይ እንደያዘ መሀል ክፍሉ ላይ ቆመ።