ፎልከር ደጃፍ ላይ የቆመው በርች

በራይን ዳር ባለችው በካልተናው መንደር ሜይ አንድ ሲነጋ ማንም መጀመሪያ ፊቱን አይታጠብም፤ መጀመሪያ በሩን ከፍቶ ደጁን ያያል። ጎረምሶች የወደዷት ልጅ ደጃፍ ላይ በባለቀለም ወረቀት ያጌጠ የበርች ዛፍ አቁመው የሚያነጉት በዚያ ሌሊት ነው። በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪ ሃያ ዘጠኝ ቀን በምትሆንበት ዓመት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዛፍ የሚያቆሙት ሴቶቹ፣ በጉጉት በር የሚከፍቱት ወንዶቹ ይሆናሉ።

ያ ዓመት የሴቶቹ ነበር።

የሃያ ሁለት ዓመቱ ፎልከር በሩን ሲከፍት ዛፉ ዓይኑን ሊወጋው ትንሽ ቀረው። ከአሸንዳው ጋር በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር የቀይና የሰማያዊ ወረቀቶቹ ቀለም ደረጃው ላይ ይንጠባጠባል። መሃል ላይ በተንጠለጠለችው የእንጨት ልብ ላይ የተጻፈውን ስምም ዝናቡ አጥቦ ወስዶታል።

«አባባ! አባባ ይምጡ! ዛፍ!»

አያቱ ማቲያስ በካልሲያቸው ወጡ። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቤቱ ግድግዳ ላይ ራይን ሞልቶ የደረሰበት ከፍታ በየዓመተ ምሕረቱ ተቀርጿል፤ ማቲያስ የተወለዱት ውሃው መስኮቱን ባለፈበት ዓመት ነው። ዕድሜያቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ ግድግዳውን ያሳዩታል።

ዛፉን አዩት፤ ገመዱን ነካ ነካ አደረጉት።

«ጥሩ ቋጠሮ ነው። ጀልባ የሚያውቅ እጅ ነው ያሰረው» አሉና ጢማቸውን ሊላጩ ገቡ።

ጀልባ! የፎልከር ልብ ዘለለች። ሰውን በጀልባ ከዳር ወደ ዳር የሚያሻግሩት እማማ ኦቲሊየ ናቸው፤ የእማማ ኦቲሊየ የልጅ ልጅ ደግሞ ዚግሊንደ ናት። ለዚግሊንደ ሲል እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል፤ እሷ ግን ከ«እንደምን አደርክ» ሌላ ቃል ተንፍሳለት አታውቅም። ተስፋ ቆርጦ የጭነት መርከብ ካለው ከካፒቴን ብሮየር ጋር ተስማማ፤ የዚያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ ተሳፍሮ እስከ ሮተርዳም ሊወርድ ነው። በወንዙ ዳር ያለ ጎረምሳ ሁሉ የሚቋምጥለት ሥራ ነው። ሻንጣው ተዘጋጅቶ በሩ ሥር ተቀምጧል።

ፎልከር ሻንጣውን ዘሎ ወደ ዳቦ ቤት በረረ። ባለ ዳቦ ቤቷ ወይዘሮ ክላስን መንደሩ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ከባለጉዳዮቹ ቀድመው ያውቃሉ።

«ወይዘሮ ክላስን፣ ዛፍ ቆሞልኛል!»

«ሰማሁ እኮ! እንዲህ እያናፋህ ማን ያልሰማ አለ?»

«ማን ትሆን ግን?»

«እስቲ ቆይ። የሬናተ ዛፍ ዲተር በር ላይ ነው። ሄልጋ እግሯን ተሰብራ ተኝታለች።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዚግሊንደ በጠዋት ዳቦ ልትገዛ መጥታ ነበር። ጣቶቿን ባየህልኝ! ቀይና ሰማያዊ! ‹ምን ሆነሽ ነው?› ብላት ፊቷ ቲማቲም መስሎ ዳቦዋን ሳትወስድ ሮጠች።»

«ይማሉልኝ!»

«ምን ያስምለኛል? የእነዚግሊንደ ጋሪም የበርች ቅጠል በቅጠል ሆኖ ቆሟል፤ ሂድና እይ።»

ፎልከር ዱቄት የነካውን ጉንጫቸውን ሳማቸው።

«ወግድ፣ ይሄ ዕብድ!» አሉ እየሳቁ።

ከዚያ በኋላ እግሩ መሬት አልነካም። ያገኘውን ሁሉ አቀፈ፤ የቄሱን ውሻ ሳይቀር። ሰዎች ከየመስኮቱ «ፎልከር፣ ሰርጉ መቼ ነው?» እያሉ ይጮሁበታል፤ እሱም «ልብስ አሰፉ!» እያለ ይመልሳል።

እኩለ ቀን ላይ መርከቡ ጥሩምባውን ነፋ። ፎልከር መቆሚያው ላይ ባዶ እጁን ቆሞ ይስቃል።

«ሻንጣህ የታለ?» አሉት ካፒቴን ብሮየር።

«አልሄድም! ዛፍ ቆሞልኛል!»

«ለበርች ብለህ ሮተርዳምን?»

«ለበርች!»

«ሁለተኛ አልጠይቅህም፣ ልጄ።»

«አይጠይቁኝ!»

ከጎኑ ሻንጣውን ይዞ ዕድሉን ሲጠብቅ የነበረ የላይኛው መንደር ጎረምሳ ሰምቶ ሳይጨርስ ዘሎ ገባ። መርከቡም ሄደ። ፎልከር ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ ኮፍያውን አውለበለበለት።

ቤት ሲደርስ አያቱ የእሁድ ሰደርያቸውን ለብሰው ደረጃውን ይጠርጋሉ።

«አልተሳፈርክም እንዴ?»

«ሸኘኋቸው! ቦታውን ሌላ ሰው ወሰደው! እኔ እዚሁ ነኝ፣ አባባ!»

የማቲያስ መጥረጊያ ቆመ። ፊታቸው ልውጥውጥ አለ።

«ምን አልክ? ለዚህ ዛፍ ብለህ? ፎልከር፣ እስቲ ቁጭ በል። መጀመሪያ እኔን መጠየቅ ነበረብህ።»

«አሁን ቁጣ አያስፈልግም! ይኸው፣ ራሷ መጣች!»

ዚግሊንደ ከወንዙ በኩል በሚያወጣው መንገድ፣ እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ ትመጣለች። ፊቷ ቀልቷል። ፎልከር ሮጦ ተቀበላት።

«ጣቶችሽን አሳዪኝ!»

እያፈረች ዘረጋቻቸው። ቀይና ሰማያዊ።

«አንቺ ነሽ! ዛፉን ያሰርሽው አንቺ ነሽ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። «በጣም ከብዶኝ ነበር።»

«እኔም መርከቡን ሰደድኩት! ሰማሽ? የትም አልሄድም!»

ዚግሊንደ ግራ ገብቷት ትንሽ አየችው። ከዚያ በትከሻው አሳልፋ ወደ ደረጃው ተመለከተችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«አባባ ማቲያስ፣ አያቴ ‹ዛፉን ወደዱት ወይ?› ብላ ልካኝ ነው፤ ጀልባው ላይ ሆና መልስዎን እየጠበቀች ነው።»