ጠባሳ ያለበት ጽዋ

ሸክላ ሠሪ ነኝ። የማርያም ማኅበር ልግባ ብዬ ብጠይቅ ዘንድሮም እምቢ አሉኝ። ማኅበሩን የምትመራው እትዬ ይመኙሻል ፊት ለፊት ነው የነገረችኝ፤ «ቡዳ የነካውን ጽዋ በአፌ አልነካም» አለችኝ። እኔም ግትር ነኝ፣ ማኅበሩ እሷ ቤት የዋለ ዕለት ሄጄ ደጃፏ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እዚህ ምን ጣለሽ?» አለችኝ።

«የጠራችኝ ማርያም ናት፣ አንቺ አይደለሽም።»

«እንግዲያው እዚያው ሁኚ። ዓይንሽን ግን ጠላው ላይ እንዳትጥዪ።» ሴቶቹ ሳቁ።

ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ የሸክላውን ጽዋ ከተሸፈነበት ጨርቅ አወጡት።

«እስቲ እጀታው ሥር እዩ» አሉ። «የሠሪው አውራ ጣት ታትሞ ቀርቷል። መሀሉ ላይ ያለችው መስመር ጠባሳ ናት። የሠራን ጌታም እጁ የቆሰለ ነው፤ ሲይዘን የችንካሩ ምልክት ያርፍብናል። ይህን እያሰባችሁ ተሳለሙት።»

እትዬ ይመኙሻል ቀድማ ተነሣች። እንባዋ እየወረደ ያቺን ጠባሳ ደጋግማ ሳመች። ሌሎቹም ተከትለዋት ሳሙ።

ያን ጊዜ ተነሥቼ ገባሁ።

«ማን ግቢ አለሽ?» አለች።

ጭቃ ስቆፍር ዶማ የሰነጠቀውን አውራ ጣቴን እጀታው ሥር አሳረፍኩት። ልክክ አለ።

ቄሱ ጣቴን አዩ፣ ጽዋውን አዩ። እትዬ ይመኙሻል በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትጠርግ ጀመር።