ፕሬዝዳንቱ የዚያን ቀን የት ዋሉ?

ጎረቤቱ ደበበ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ቀኝ እጁን እያነሳ «አዲስ ገብተን መርከዝ ቅሊታ፣ የአዲስ መጪዎች ማረፊያው ውስጥ ሳለን፣ በፋሲካ ማግስት ፕሬዝዳንቱ የጨበጡኝ ይህን ነው» ሲል፣ የሽማግሌው አንጀት በቅናት ሲያር ሃያ ዓመት ሞላው። ዛሬ ግን ሴት ልጁ የዚያን ቀን የፕሬዝዳንቱን ውሎ ከመንግሥት መዝገብ ቤት አስገልብጣ ሰፈሩ ክርያት ሞሼ ድረስ አመጣችለት። «ታመው ተኝተው ነው የዋሉት፤ የትም አልሄዱም» ብላ አነበበችለት።

ሽማግሌው ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ኮፍያውን ከመስቀያው አነሳ። «ዛሬ ያን እጁን ኪሱ ውስጥ ባላስከትተው!»

«ቤሰደር፣ እሺ አባዬ» አለች ልጁ። «ግን አንተስ ከአያ ደበበ ኋላ ቆሜ ሲጨብጡት አይቻለሁ ትለን አልነበር?»

እጁ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ። ደጅ የደበበ ሳቅ ይሰማል። ሽማግሌው ኮፍያውን ቀስ ብሎ መልሶ ሰቀለ።

«እኔ በዓይኔ ያየሁትን» አለ፣ «ወረቀት ሊነግረኝ ነው?»