ያልተነካ ሳሙና

አከራይዋ ለተከራዮቿ ያላት ንቀት ልክ አልነበረውም። ከነሙሉ ዕቃው የምታከራየውን ቤት ለሦስት ወር የያዙትን አቶ ጥላዬን ግን ከሁሉም አብልጣ ናቀቻቸው። በየሳምንቱ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ስኳርና ዘይት ልትሞላ ስትገባ ያስቀመጠችው ሁሉ እንደታሸገ ይጠብቃታል። አልጋው እንኳ እንዳነጠፈችው ነው።

"አይታጠብ፣ አይበላ! አልጋ ያልለመደ ገጠሬ! መሬት ላይ ሳይተኛ አይቀርም" አለች ለሠራተኛዋ፣ አፍንጫዋን ይዛ እየሳቀች።

አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ አገኘቻቸው።

"አባባ፣ ሳሙናው እኮ ለመታጠቢያ ነው። ቤቴን ሊያገሙብኝ ነው እንዴ?"

ሽማግሌው አላፈሩም፣ አልተቆጡምም።

"እኔ እዚህ አድሬ አላውቅም፣ ልጄ" አሉ። "ሚስቴ ማዶ ካለው ሆስፒታል ተኝታ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበር የማድረው። ቤቱን የያዝኩት ሲሻላት እንድታገግምበት ነው። በየቀኑ መጥቼ አየውና እንዴት እንደሚያምር እነግራት ነበር።"

አከራይዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ታዲያ ባለቤትዎ መቼ ነው ከሆስፒታል የሚወጡት?"

ሽማግሌው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

"ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች።"