ትል የቀመሰው

ነጋዴው ሀሚድ የመጀመሪያውን የጫት እስር ፈትቶ አንዱን ቅጠል ወደ ፀሐይ ያነሣል። ብርሃኑ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ያልፋል።

«አዴ ዙለይኻ፣ ይሄ ጫት ነው ወንፊት?»

ዙለይኻ ትስቃለች። አጠገቧ የቆመችው ወጣት የግብርና ባለሙያ ሳህሊቱ ግን አትስቅም። ዘንድሮ ጫቱ ላይ የተባይ መድኃኒት እንዳይረጭ የለመነችው እሷ ናት። አምና የመድኃኒቱ መርጫ ከእርሻው በታች ባለው ምንጭ ታጥቦ፣ ከዚያ የጠጣች የዙለይኻ ጊደር ሞታለች። መንደሩም የሚቀዳው ከዚያው ምንጭ ነው። ዙለይኻ ቃሏን ጠብቃ አልረጨችም። አሁን የወራት ልፋቷ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በገለምሶ መንገድ ዳር፣ ከነጋዴው ላንድሮቨር ሥር ተቀምጧል።

«ጤነኛ ነው» ትላለች ሳህሊቱ። የሞተሩ ድምፅ ቃሏን ይውጠዋል። ጉሮሮዋን ጠርጋ ትደግመዋለች፤ «መርዝ አልነካውም።»

«ጓዲት፣ መርዝ የምትይው እናንተው መድኃኒት ብላችሁ ያመጣችሁልንን ነው?» ይላል ሀሚድ ሳይቆጣ። «እኔ አምንሻለሁ። የድሬዳዋ ደንበኛዬ ግን የሚገዛው ቅጠል ነው፣ ምክር አይገዛም። ትል የቀመሰውን ማን ይቀምሳል?»

«አቦ ሀሚድ፣ ትሉም እኮ ጣዕም ያውቃል» ትላለች ዙለይኻ። «ቀንሰህ ውሰደው።»

«ወላሂ በነፃም አልጭነውም። ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ሁሉንም ይመልሱብኛል።»

የጎረቤቷን ጫት ይጭናል። ቅጠሉ ያብለጨልጫል፤ አንድም ቀዳዳ የለውም።

ዙለይኻ እስሮቿን አንድ በአንድ መልሳ ትጠቀልላለች። እጇ አይቸኩልም።

«ልጄ፣ መርጫው ገበሬ ማኅበሩ ጋ ነው ያለው?»

«አዎ፣ አዴ።»

«ነገ እወስደዋለሁ። ከምንጩ ራቅ አድርጌ አጥበዋለሁ፤ ለአንቺ ስል።»

ሳህሊቱ «ይተዉት» ልትል አፏን ትከፍታለች። ዓይኗ ግን ያልተሸጠው ጫት ላይ ያርፋል። ጎንበስ ብላ ጥቅልሉን ማሰር ታግዛለች።

ሀሚድ የመኪናውን በር ከፍቶ ትንሽ ያመነታል። ይመለስና ገና ካልተጠቀለለው እስር ላይ ቀንበጥ ይመርጣል። ወደ ብርሃን እያነሣ፣ ትል ያልበላውን እየጣለ፣ የተበሳሳውን ብቻ በመዳፉ ይሰበስባል።

«ለመንገድ» ይላል፣ ሁለቱንም ሳያይ።

ላንድሮቨሩ ሲነሣ ጉንጩ ሞልቷል።