መቼ ሐሞት ኖሮት

በሰማንያ አምስት ዓ.ም. ትልቁን አንጀቴን ቀዶ ጥገና ተደርጌ፣ ማደንዘዣው ገና ሳይለቀኝ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። ግማሹን ረስቼዋለሁ።

«ሐሞቱ እየፈሰሰ ነው» አለ አንዱ።

«ድሮስ መቼ ሐሞት ኖሮት?» ሌላው ሳቀ። ቆይቶም «እሺ፣ አልነግረውም» አለ።

የሳቀው ሰው ድምፅ የታናሽ ወንድሜ የኤርጫፎ ነው። የእኔንና የእሱን ድምፅ እናታችን እንኳ አትለይም።

ድኜ ወጣሁ፤ ሐሞቴም ደህና ነበር። ስለዚህ ታምሜ ተኝቼ ፈሪ ብሎ እንዳማኝ ቆጠርኩት።

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን አገር ቤት፣ ኦቾሎ፣ ለቅሶ ላይ ነበርኩ እኮ» አለኝ ስጠይቀው። አላመንኩትም። እኔ በታማሚ ላይ እንዳልስቅ ለእግዚአብሔር ቃል ገባሁ፤ እሱን ግን አራት ዓመት አኮረፍኩት።

ዘንድሮ እሱም በዚያው ሕመም እዚያው ክፍል ተኛ። ከቀዶ ጥገናው በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አምና የተቀጠረው ዶክተር ልዑልሰገድ ከመጋረጃው ጀርባ ጠራኝ።

«አንጀቱ ደህና ነው። ግን ሐሞቱ እየፈሰሰ ነው፤ ቱቦው ተጎድቷል። ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው። አዲስ አበባ እስክንልከው እንዳይነግሩት፣ ይደነግጣል።»

የለም፣ ሊያውቅ ይገባል ልል አፌን ከፈትኩ።

«ድሮስ መቼ ሐሞት ኖሮት?» አልኩ፤ ሳቅኩም።

ሳቁን አወቅሁት። ከመጋረጃው ማዶ የኤርጫፎ ማቃሰት ጸጥ አለ።

«እንዳይነግሩት» አለኝ ዶክተሩ ደግሞ።

«እሺ» አለ ያ ድምፅ ከአፌ፣ «አልነግረውም።»